ጃንዋሪ 1 የተወለዱት እናቶች ጡረታ ሲደርሱ

በደርግ ዘመን ጦርነት በልጅነታቸው ሱዳን ገብተው በኋላ አሜሪካ የተሻገሩ ሴቶች ወረቀታቸውን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ የብዙዎቹ የልደት ቀን አንድ ይሆናል፤ ጃንዋሪ 1። ቀኑን የሰጣቸው በገዳሪፍ ወይም በካርቱም ጠረጴዛ ዘርግቶ ቅጽ ሲሞላ የዋለ ሠራተኛ ነው። የተወለደበትን ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር መናገር ለማይችል ስደተኛ ዓመቱን ገምቶ ጃንዋሪ 1 ብሎ መጻፍ የተለመደ አሠራር ነበር። ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ የስምንት፣ የአሥር፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ከነበሩት ውስጥ ታላላቆቹ ዛሬ 62 ዓመትን እያለፉ ነው። በአሜሪካ ሕግ የጡረታ በር የሚከፈተው በዚህ ዕድሜ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የእኛ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር፣ የአውሮፓውያን ናቸው።)

ብዙዎቹ ልጅ አሳድገው፣ ቤት ይዘው ነው የኖሩት። ሥራ ከያዙም ለጥቂት ዓመታት፣ ያውም በመሀል እየተቋረጠ ነው። ስለዚህ በየዕድሩና በየለቅሶ ቤቱ "እሷ እኮ አልሠራችም፤ ምን ጡረታ አላት?" ሲባል ይሰማል። አባባሉ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። ሴትዮዋ ሠርታለች፤ ጡረታም ሊኖራት ይችላል። የአሜሪካ ሕግ የቤት ውስጥ ሥራን አይቆጥርም፤ ጋብቻን ግን ይቆጥራል። የእነዚህ እናቶች እርጅና በአብዛኛው የተንጠለጠለው በሦስት ነገሮች ነው፦ በልደት ቀን፣ በጋብቻ ማስረጃና በባል የገቢ መዝገብ። ሦስቱም የት የት እንደሚበላሹ ይታወቃል። አንዳንዱን አሁንም ማቃናት ይቻላል፤ አንዳንዱ ግን ጊዜው አልፏል።

ቅጹ የተሞላበት ቦታ

በ1977 ደርግን የሚዋጋው ኢዲዩ ሁመራንና መተማን ያዘ፣ ደርግ መልሶ አጠቃ፤ በከተሞች ደግሞ ቀይ ሽብር ነደደ። ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ወጣቱም ቤተሰቡም በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ። የኤርትራ ጦርነት ወደ ከሰላ ያሻገራቸው ከዚያ ቀድመው ነበር። በምሥራቅ የሶማሊያ ወረራ ሰውን ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ዲኪልና አሊ ሳቢዬህ መጠለያዎች ገፋ። በ1984 እና 85 ረሃቡ ሲጨመርበት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። ኡም ራኩባ፣ ተዋዋ፣ ወድ ሸሪፌ የሚሉት የመጠለያ ስሞች ዛሬም በብዙ ሰው የስደት ፋይል ውስጥ አሉ።

አሜሪካ የስደተኞች ሕጓን ያወጣችው በማርች 1980 ነው። ከአፍሪካ በስደተኛ ፕሮግራም መግባት በስፋት የተቻለው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ በዚያ አሥር ዓመት ከአፍሪካ ከገቡት መካከል ኢትዮጵያውያን ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። አንዲት ልጅ በዚህ መንገድ የምትገባው ወይ ከወላጆቿ ጋር፣ ወይ በአክስት ወይም በጎረቤት ፋይል "ልጅ" ተብላ፣ ወይ ብቻዋን ነው። ብቻቸውን የገቡትን ከ1980 ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነት ልጆች በተዘረጋው ፕሮግራም አሳዳጊ ቤተሰቦች ተቀብለዋቸዋል። በሦስቱም መንገድ ዕድሜ ገንዘብ ያህል ዋጋ ነበረው። ከ21 ዓመት በታች የሆነችና ያላገባች ልጅ በወላጅ ፋይል ትጠቃለላለች፤ ከዚያ ያለፈች የራሷን ጉዳይ ለብቻዋ ማስረዳት አለባት። ሥራ መያዝ የፈለገች ደግሞ ዕድሜዋን ከፍ አድርጋ ታስጽፋለች። ጠረጴዛው ላይ በነበረው ሰው ብቻ መፍረድ አይገባም፤ የተጻፈለት ሰውም ምክንያት ነበረው።

ማንም ሳያስበው የገባው ስሕተት ግን ከዚህም ይበዛል። አንዲት ልጅ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 12 ቀን 1956 ተወለደች እንበል፤ ይህ ሜይ 20፣ 1964 ነው። አባቷ በማስታወሻው 12/9/1956 ብሎ ጽፏል። አሜሪካዊው አንባቢ ወሩን ስለሚያስቀድም ዲሴምበር 9፣ 1956 ብሎ ያነበዋል፤ ልጅቱ በአንድ መስመር ከሰባት ዓመት በላይ አረጀች። ጳጉሜን 3 የተወለደችው ደግሞ 3/13/1956 ተብሎ ሲጻፍላት ማርች 13 ትሆናለች፤ ማንም ግር አይለውም፣ ምክንያቱም ቀኑ በአሜሪካ አጻጻፍ ትክክለኛ ቀን ይመስላል። የእኛን ዓመት ወደ አውሮፓ ለመመለስ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። ይህን ሒሳብ በየፋይሉ ላይ መሞከር ጥሩ ነው። በወረቀትና በእውነት መካከል ያለው ልዩነት ልክ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሆኖ ከተገኘ፣ ዘመኑ ሳይመነዘር መጻፉን መጠርጠር ይገባል።

ቀኑ በጡረታ ላይ የሚያደርገው

የአሜሪካን ጡረታ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ አንድ እንግዳ የሚመስል ደንብ አለው። ሰው ዕድሜውን የሚሞላው በልደቱ ዋዜማ ነው ይላል። በዚህ ደንብ ጃንዋሪ 1፣ 1960 የተጻፈላት ሴት ዕድሜ የምትሞላው ዲሴምበር 31 ስለሆነ እንደ 1959 ተወላጅ ትቆጠራለች። በ1960 እና ከዚያ በኋላ ለተወለዱት ሙሉ የጡረታ ዕድሜ 67 ነው፤ ለ1959 ግን 66 ዓመት ከ10 ወር ነው። ያ ሠራተኛ በዘፈቀደ የጻፈው ቀን ሁለት ወር ሰጣት ማለት ነው። ዓመቱ ከ1960 በላይ ከሆነ ይህ ጥቅም የለም።

ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬርም፣ በዚሁ ስሌት ይሄዳል። ጃንዋሪ 1 ቀን 65 ዓመት የሚሞላት ሴት ሽፋኗ የሚጀምረው ከዲሴምበር 1 ነው። የመመዝገቢያዋ ሰባት ወር ከሴፕቴምበር እስከ ማርች መጨረሻ ይሆናል። ብዙ ሰው ጃንዋሪን ማህል አድርጎ እስከ ኤፕሪል ጊዜ ያለው ይመስለዋል። በራሷ ወይም በባሏ የወቅቱ ሥራ በኩል ኢንሹራንስ ከሌላትና ካለፋት፣ ለፓርት ቢ፣ ማለትም ለሐኪም ወጪው ክፍል፣ በዘገየችበት በእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርባታል፤ ቅጣቱም በአብዛኛው እስከ ዕድሜ ልክ አይለቅም።

ዓመቱ የተሳሳተ እንደሆነ ነገሩ ይከብዳል። ስድስት ዓመት ልጅ የተደረገች ሴት ጉልበቷ ሲያልቅ ስድስት ዓመት ተጨማሪ ትጠብቃለች። ስምንት ዓመት ያረጀችው ደግሞ ሌላ ጣጣ ይገጥማታል፤ እናቷን ወይም ወንድሟን ለማምጣት ስታመለክት እናትየዋ በወረቀት በአሥር ዓመቷ የወለደች ትሆናለች፣ ፋይሉም ለጥያቄ ይቆማል።

ለማረም የሚቻለው መቼ ነው? መልሱ የሚወሰነው ዜግነት በመያዝና ባለመያዝ ነው። ገና ግሪን ካርድ ላይ ያለች ሴት በአይ-90፣ በግሪን ካርድ መለወጫው ቅጽ፣ ማስረጃ አያይዛ ማመልከት ትችላለች፤ ወይም በዜግነት ማመልከቻው፣ በኤን-400፣ ትክክለኛውን ቀን ጽፋ ልዩነቱን ታስረዳለች። ዋናው ነገር ከመሐላው በፊት መሆኑ ነው። በማመልከቻዋ ላይ የጻፈችውንና የማለችበትን ቀን በኋላ "ስሕተት ነበር" ብትል፣ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ደንብ የዜግነት ምስክር ወረቀቱን ለመለወጥ በቂ ምክንያት አድርጎ አይቀበለውም። ኤን-565 የሚባለው ቅጽ የሚሠራው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሲጽፍ ለፈጠረው ስሕተት ነው፤ በየዓመቱ ክፍያውን ከፍለው ውድቅ የሚደረግባቸው ሰዎች ይህን ሳያውቁ ነው። አንድ ልዩ በር ያላቸው ከኦክቶበር 1፣ 1991 በፊት በፍርድ ቤት ዜግነት ያገኙ ናቸው፤ የእነሱን ወረቀት የሰጠው ፍርድ ቤቱ ስለሆነ እንዲያሻሽለው አቤት ማለት ይችላሉ።

ሶሻል ሴኩሪቲ ግን የራሱን ውሳኔ ይሰጣል። ጡረታ ሲጠየቅ ዕድሜን በራሱ ሚዛን ይመዝናል። ከሁሉ የሚያስበልጠው ከአምስት ዓመት ዕድሜ በፊት የተመዘገበ የልደት ወይም የሃይማኖት መዝገብ ነው። እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያን ትጠቅማለች። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስለምትነሣ፣ በዚያን ጊዜ የተጻፈ የክርስትና መዝገብ ካለ ወሩን እንኳ ማግኘት ይቻላል። መዝገቡ ራሱ ወይም የመዝገቡ ገጽ ተረጋግጦ የወጣ ቅጂ መሆን አለበት፤ ዛሬ አዲስ ተጽፎ ማኅተም የተመታበት "እገሊት በዚህ ቀን ተጠምቃለች" የሚል ደብዳቤ ክብደቱ በጣም ያንሳል። ከቀበሌ የሚወጣው የልደት ሰርተፍኬትም እንደዚያው ነው። የኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2012፣ ምዝገባው በአገር ደረጃ የጀመረው በ2016 ስለሆነ፣ በ1964 ስለተወለደች ልጅ የሚናገረው ሰነድ ከአምሳ ዓመት በኋላ በቃል የተሞላ መሆኑን መርማሪው ያውቃል።

የክርስትና መዝገብ የሌላቸው፣ ሙስሊም እናቶች ጭምር፣ በዕድሜ የቆዩ ሌሎች ወረቀቶችን መሰብሰብ አለባቸው። የአገር ቤት የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ፣ የመጠለያ ራሽን ካርድ፣ አሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ የነበረች ከሆነ የዚያ ድርጅት ፋይል፣ መጀመሪያ የገባችበት የአሜሪካ ትምህርት ቤት መዝገብ ሁሉ ይረዳሉ። አውሮፕላን ሲሳፈሩ ያንጠለጠሏት ነጭ የፕላስቲክ ቦርሳ እስከዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ካለች አትጣል፤ ውስጧ ያለው የደረት ራጅና የመግቢያ ወረቀት ስምና ዕድሜ አለበት። የኢሚግሬሽን ፋይሉን ሙሉ ቅጂም በኢንተርኔት ጠይቆ በነፃ ማግኘት ይቻላል። ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት ይሄ ነው፤ ምን እንደተጻፈ ሳያዩ ማረሚያ መጠየቅ በጭፍን መራመድ ነው።

በተለይ በሰው ፋይል "ልጅ" ተብለው የገቡ ሴቶች በራሳቸው ቅጽ ሞልተው ከመላካቸው በፊት ጠበቃ ወይም በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዕውቅና የተሰጠው ተወካይ ማማከር አለባቸው። ቀኑን ሲያርሙ ዝምድናውም አብሮ ሊነሣ ይችላል። ቅጽ ሞልቶ የሚያስከፍል የሰፈር ሰው ለዚህ አይሆንም።

ግማሹ የማን ነው

አሁን ወደ ገንዘቡ። የራሷ መዝገብ የሌላት ሚስት ባሏ በሙሉ የጡረታ ዕድሜው ሊያገኝ ከሚችለው እስከ ግማሽ ድረስ ታገኛለች። ይህ ከባልየው ቼክ አይቀነስም፤ ተጨማሪ ነው። አንዳንድ ባሎች "የኔን ታስቀንሰዋለች" ብለው ሚስት እንዳታመለክት የሚያደርጉት በከንቱ ነው።

በቁጥር እንየው። ባል በ67 ዓመቱ በወር 2,000 ዶላር የሚደርሰው ቢሆን፣ ሚስት በ67 ዓመቷ ስትጠይቅ 1,000 ዶላር ይሆናል። በ62 ከጠየቀች የ2,000ው 32.5 በመቶ፣ ማለትም 650 ዶላር፣ ይሰጣታል፤ ቅነሳውም ዘላቂ ነው። ከ67 በኋላ ብትቆይ ግን አንድ ሳንቲም አይጨመርላትም። ለሠራተኛው እስከ 70 የሚሰጠው የመዘግየት ጭማሪ ለሚስት ድርሻ አይሠራም። እሷ ድርሻዋን እንድታገኝ ደግሞ ባልየው ራሱ ጡረታውን ጠይቆ መሆን አለበት።

ባሏ ሲሞት ስሌቱ ይለወጣል። መበለት ከ60 ዓመቷ ጀምሮ መጠየቅ ትችላለች፤ ያኔ 71.5 በመቶ፣ በምሳሌያችን 1,430 ዶላር ነው። በሙሉ ዕድሜዋ ከጠየቀች፣ ይህም ከ1962 ወዲህ ለተወለዱ 67 ነው፣ መቶ በመቶ ሊደርሳት ይችላል። "ሊደርሳት ይችላል" የተባለው በምክንያት ነው። ባል በ62 ጡረታ ከወጣ የእሱ ቼክ ወደ 1,400 ይወርዳል፤ ሲሞትም የሚስቱ ጣሪያ 1,650 ዶላር ላይ ይቆማል። እስከ 70 ከቆየ ግን 2,480 ይሆንና እሱ በሌለበት ቀሪ ዘመኗን ሁሉ ያ መጠን ለእሷ ያልፋል። በእኛ ማኅበረሰብ ባል ብዙውን ጊዜ በአምስትና በአሥር ዓመት ይበልጣል፤ ሴት ደግሞ በአማካይ ረጅም ዕድሜ ትኖራለች። ስለዚህ ባል መቼ ጡረታ ይውጣ የሚለው ጥያቄ ከእሱ ይልቅ የእሷን እርጅና የሚወስን ነው። ጤናው ከፈቀደና ሌላ መተዳደሪያ ካለ መዘግየቱ ይሻላል እንላለን፤ "መንግሥት ሳይበላው አሁኑኑ ልውሰደው" የሚለው ችኮላ ግን በየቤቱ ከሒሳብ በፊት ይወስናል።

ግማሽ የሚባለው ግን የምን ግማሽ? በሰማኒያዎቹና በዘጠናዎቹ የብዙ አባወራ ሥራ ታክሲ፣ ፓርኪንግና ትንሽ ሱቅ ነበር። የታክሲ ሹፌር የራሱ አሠሪ ስለሆነ የሚቆጠርለት ከወጪ ቀሪ ትርፉ ነው። በየማርቹ ታክስ ሲሠራ ወጪውን አብዝቶ ትርፉን ያሳነሰ ሰው በዚያ ዓመት ጥቂት ሺህ ዶላር አትርፏል። ያ ዓመት በመዝገቡ የተጻፈው ግን በትንሽ ቁጥር ነው። ጡረታ የሚሰላው ከ35 ከፍተኛ ዓመታት አማካይ ሲሆን፣ ያልተሠራበት ዓመት ዜሮ ሆኖ ይገባል። የባልየው ጡረታ 900 ዶላር ሆኖ ሲመጣ የሚስት ግማሽ 450 ነው። ይህ እንግዲህ አሁን የሚታረም አይደለም። በግል ሥራ የተገኘ ገቢ በመዝገብ የሚገባበት ጊዜ ያ ዓመት ካለቀ በኋላ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ከ15 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለፈውን ታክስ ከፍሎ ክሬዲት (የጡረታ ነጥብ) ማግኘት አይቻልም። በደመወዝ የተሠራ ሥራ ከመዝገብ ከጠፋ ግን የድሮ ደብሊው-2 (አሠሪ የሚሰጠው የዓመት ደመወዝ ወረቀት) ወይም የክፍያ ደረሰኝ ይዞ በኤስኤስኤ-7008 ቅጽ ማቅረብ ይቻላል።

በጋራ የሚሠራ ሱቅ ወይም ምግብ ቤትም እንዲሁ ወጥመድ አለው። ሚስት ከንጋት ጀምሮ ወጥ ቤት ውስጥ ስትሠራ ትውላለች፤ የታክስ ቅጹ ግን በባል ስም ብቻ ይሞላል። ሁለቱም በትክክል የሚሠሩ ከሆነና ድርጅቱ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ካልሆነ፣ ሁለት ቅጽ ለይቶ ገቢውን መካፈል ይቻላል። ጠቅላላ ታክሱ ብዙም ላይለወጥ ይችላል፤ ክሬዲቱ ግን ለሁለቱም ይቆጠራል። ታክስ ሠሪው ካልተጠየቀ አያነሣውም።

ጋብቻው የት ተመዘገበ

ሁሉ ነገር ጋብቻ ላይ ከተንጠለጠለ፣ የጋብቻው ወረቀት የት አለ የሚለው ይመጣል። ብዙዎቹ የተጋቡት በካርቱም ወይም በገዳሪፍ፣ ቄስ ወይም ሼህና ሽማግሌ ባሉበት ነው። አሜሪካ ከገቡ በኋላ ለሥራ ኢንሹራንስ ወይም ለግሪን ካርድ ሲፈለግ ከካውንቲው ሁለተኛ ወረቀት አውጥተዋል። ባልና ሚስት ሆነው ለሚኖሩ ልዩነቱ አይጎላም፤ ለሚስት ድርሻ አንድ ዓመት፣ ለመበለት በመደበኛው ዘጠኝ ወር ይበቃልና። ለተፋቱ ሴቶች ግን ሁሉ ነገር ነው።

የተፋታች ሴት በቀድሞ ባሏ መዝገብ የምታገኘው ጋብቻው አሥር ዓመት የቆየ ከሆነ ነው። በ1984 ካርቱም በቤተ ክርስቲያን የተጋቡ፣ በ1990 አርሊንግተን የካውንቲ ወረቀት ያወጡ፣ በ1998 የተፋቱ ሰዎችን እናስብ። ከካውንቲው ከተቆጠረ ስምንት ዓመት ነው፤ ምንም የለም። ከካርቱም ከተቆጠረ አሥራ አራት ዓመት ነው፤ ግማሹ ይደርሳታል። የመጀመሪያው ጋብቻ ሕጋዊ ዋጋ የነበረው መሆኑ ከተረጋገጠ ሶሻል ሴኩሪቲ ሊቀበለው ይችላል። ማስረጃው የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ ወረቀት፣ ያጋባው አባት ቃል፣ በሠርጉ ላይ የነበሩ ዘመዶች በኤስኤስኤ-753 የሚሞሉት መግለጫ ነው። ፋይሉ ውስጥ በ1986 ሲገቡ "ባለትዳር" ተብለው ከተጻፉ ያ አንዱ ጠንካራ ማስረጃ ነው። "ያላገባ" ተብለው ከሆነ ደግሞ አንዱ ጠንካራ መቃወሚያ። የፍቺ ውሳኔው ወረቀት የጋብቻውን ቀን የቱን ብሎ እንደጻፈም ማየት ያስፈልጋል፤ በፍቺ ጊዜ ያን መስመር ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ጥቂት ነው። ያጋቡት አባትና ሚዜዎቹ በሰማኒያዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸውና ይህን ቃል መሰብሰብ ለነገ የሚባል አይደለም።

የቀድሞ ባል ማወቅም መፍቀድም አያስፈልገውም። ከፍቺው ሁለት ዓመት ካለፈና እሱ 62 ከሞላው፣ እሱ ገና ጡረታ ባይጠይቅም እሷ መጠየቅ ትችላለች፤ የእሱም ሆነ የአዲሷ ሚስት ድርሻ አይነካም። ሌላ ባል ካገባች ግን በሕይወት ባለው የቀድሞ ባል መዝገብ አታገኝም። ለመበለቶች መስመሩ 60 ዓመት ነው፤ ከ60 በኋላ ያገባች መበለት የሟቹን ድርሻ አታጣም፣ በ59 ያገባች ግን ያ ትዳር እስካለ ታጣለች። ሠርጉን ጥቂት ወራት ማዘግየት እዚህ ላይ ትልቅ ገንዘብ ነው።

የራሷ ነጥቦች

በራሷ ስም ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በዓመት ከአራት በላይ አይገኝም። በ2025 አንዱ ክሬዲት 1,810 ዶላር ገቢ ነበር፤ አራቱ 7,240። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ወይም የሰው ልጅ በቤቷ የምትጠብቅ ሴት በእጅ የምትቀበለውን ካላሳወቀች ለሃያ ዓመት ብትሠራ ዜሮ ነው። ስታሳውቅም አንድ ነገር ልብ ትበል። ከግል ሥራ ትርፍ ላይ የሚቆጠረው 92.35 በመቶው ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ዓመት ስሌት በትክክል 7,240 ብታስመዘግብ የምታገኘው ሦስት ክሬዲት ነው። አራቱን ለመያዝ ትርፏ ወደ 7,840 ዶላር መድረስ አለበት፤ የግል ሥራ ታክሱም ወደ 1,100 ዶላር ይመጣል።

ይህን መክፈል ያዋጣል? ለሁሉም አይደለም። ባሏ ጥሩ መዝገብ ያለው ሴት 40 ክሬዲት ሞልታ የራሷ ጡረታ 300 ዶላር ቢሆን፣ በባሏ በኩል 1,000 የሚደርሳት ከሆነ ሁለቱ ተደምረው 1,300 አይሆኑም። መጀመሪያ የራሷ 300 ይከፈላትና ቀሪው እስከ 1,000 ይሞላላታል። የሚያዋጣው አሥር ዓመት ሳይሞላ ለተፋታች፣ ባሏ ራሱ 40 ለሌለው፣ ወይም 28 ወይም 32 ክሬዲት ላይ ደርሳ ለቆመች ሴት ነው። 28 ያላት ሦስት ዓመት ብትሠራ ትሞላዋለች። የራስን ቁጥር ለማወቅ በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ አካውንት መክፈት ወይም በ1-800-772-1213 ደውሎ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ አስተርጓሚው በነፃ ነው፣ ልጅን ከሥራ ማስቀረት አያስፈልግም።

የሜዲኬር ፓርት ኤ፣ ማለትም የሆስፒታል ሽፋኑ፣ እንዲሁ በባል በኩል ያለ ክፍያ ይገኛል፤ እሷ 65፣ እሱ 40 ክሬዲትና ቢያንስ 62 ዓመት ካለው። በወረቀት ስምንት ዓመት ያረጀች ሚስት እዚህ ትያዛለች፤ እሷ 65 ስትሞላ ባሏ በወረቀት 60 ነው፣ ሁለት ዓመት ትጠብቃለች ወይም በ2025 ዋጋ በወር እስከ 518 ዶላር ትከፍላለች።

ምንም ለሌላቸው ኤስኤስአይ፣ ማለትም ለችግረኛ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ ወርሃዊ ድጎማ፣ አለ፤ በ2025 ለአንድ ሰው እስከ 967 ዶላር ነበር፣ ንብረቱ ከ2,000 ዶላር ካልበለጠ። በስደተኝነት የገባች ሴት ዜግነት ካልያዘች በአጠቃላይ የሚፈቀድላት ለሰባት ዓመት ነው። ግሪን ካርድ ይዛ የቆየች ግን በትዳር ዘመን ባሏ ያጠራቀመውን ክሬዲት ደምራ 40 ብታሟላ በሩ ሊከፈትላት ይችላል፤ በየቢሮው "አንቺ አልሠራሽም" ተብለው የተመለሱ ሴቶች ይህን አንሥተው ይጠይቁ። እንግሊዝኛው አስፈርቷቸው ዜግነት ያልጠየቁ እናቶችም 50 ዓመት ሞልቷቸው በግሪን ካርድ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሞልቷቸው 15 ዓመት ከኖሩ የታሪክና የመንግሥት ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ ይችላሉ። 65 ሞልቷቸው 20 ዓመት የኖሩት የሚያጠኑት 20 ጥያቄ ብቻ ነው።

አገር ቤት ገብቶ ማረጅ ለሚያስቡ፣ የአሜሪካ ዜጋ የሆነች ሴት የጡረታ ወይም የመበለት ድርሻዋ አዲስ አበባም ይከተላታል። ዜጋ ያልሆነች ግን ከስድስት ወር በላይ ከአሜሪካ ውጭ ስትቆይ ክፍያው ሊቆም ይችላል። ኤስኤስአይ ለሁሉም ከ30 ቀን በኋላ ይቆማል። ውጭ ለሚኖሩ በየጊዜው የሚላከውን የኤስኤስኤ-7162 መጠይቅ ሞልቶ ያልመለሰ ሰው ክፍያው ይታገድበታል፤ ስለዚህ ፖስታውን የሚከታተል ልጅ ወይም ዘመድ ያለበት አድራሻ መስጠት ይሻላል። ሜዲኬር በኢትዮጵያ ሆስፒታል አይከፍልም። ቢሆንም ለሕክምና እየተመላለሰች የምትኖር እናት ፓርት ቢን ከማቋረጧ በፊት ታስብበት፤ በ2025 በወር 185 ዶላር የነበረው ክፍያ ለአራት ዓመት ተቋርጦ ሲመለሱ የ40 በመቶ ቅጣት ተጨምሮበት ነው።